አክሰስ ላይ የማረጋገጫ መልእክቶችን በኮድ ማጥፋት (የቡና ግዢ መመዝገቢያ፣ ጅማ)

ጀንፈል (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ጅማ ነው። ለአንድ ቡና አቅራቢ በማይክሮሶፍት አክሰስ የግዢ መመዝገቢያ ሠርቻለሁ። ቀን ቀን ከየመግዣ ጣቢያው የሚመጣው ደረሰኝ «የዕለት ግዢ» በምንለው ሠንጠረዥ ይገባል። ማታ መዝጋቢዋ «ቀኑን ዝጋ» የሚለውን ቁልፍ ትጫናለች። ያኔ ሦስት ኩዌሪዎች (ሠንጠረዦቹ ላይ የሚሠሩ የተዘጋጁ ትእዛዞች) ተከታትለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው የዕለቱን ደረሰኞች ወደ ዋናው መዝገብ ይጨምራል። ሁለተኛው የመጋዘኑን ቀሪ ያስተካክላል። ሦስተኛው የዕለቱን ሠንጠረዥ ያጸዳል፣ ለነገ ባዶ ሆኖ እንዲያድር።

ሥራው ይሠራል። ያስመረረን የአክሰስ ጥያቄ ነው። ለአንድ ኩዌሪ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። መጀመሪያ «ዳታ የሚቀይር ኩዌሪ ልታስኬድ ነው» ይላል። «የስ» ስትለው ደግሞ «ይህን ያህል ረድፍ ልትጨምር ነው» ብሎ ይመለሳል። በሦስት ኩዌሪ ስድስት ሳጥን ማለት ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ። አሁን እሸት ቡና የሚገባበት ሰሞን ነው። መኪና እስከ ማታ ይራገፋል። ሰው ኮምፒውተሩ ጋ የሚቀመጠው ከዛለ በኋላ ነው። አንዱን «የስ»፣ አንዱን «ኖ» ብሎ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ በቪቢኤ (በአክሰስ የኮድ ቋንቋ) ጸጥ ማሰኘት ይቻላል? አሁን ያለው ኮድ ሦስት የ«ዱሲኤምዲ ነጥብ ኦፕንኩዌሪ» መስመር ነው። ከላዩ «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት» አለ። በስልክ ስለምጽፍ ኮዱን እንደሚነበበው በፊደላችን ነው ያስቀመጥኩት።

---

ፈጣኑ

አቦ ይሄማ ቀላል ነው። ከሦስቱ መስመሮች በላይ ይህን ጻፍ፦

ዱሲኤምዲ ነጥብ ሴትዋርኒንግስ ፎልስ

ከሦስቱ በታች ደግሞ፦

ዱሲኤምዲ ነጥብ ሴትዋርኒንግስ ትሩ

አለቀ። አንድም ሳጥን አይመጣም።

---

የኪቶ ልጅ

ፈጣኑ ያለው ይሠራል። ሳጥኖቹ ይጠፋሉ። ግን ጀንፈል፣ ያን ከመለጠፍህ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። የዋናው መዝገብ ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለየው፣ የማይደገመው ቁልፍ) ምንድን ነው? ጣቢያዎቹስ የየራሳቸው የደረሰኝ ፓድ ነው ያላቸው?

---

ጀንፈል

ፕራይመሪ ኪው የደረሰኝ ቁጥሩ ነው። ፓዱ አዎ፣ ለየጣቢያው ለየብቻ ነው የሚሰጠው። አጋሮ አንድ፣ ሰቃ አንድ፣ ሌሎችም አሉ። ለምን?

---

የኪቶ ልጅ

እንግዲያው ስማኝ።

አጋሮ ያለው ፓድ ከ1 ይጀምራል። ሰቃ ያለውም ከ1 ይጀምራል። አንድ ቀን ሁለቱም 57 ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። ቀድሞ የገባው ይቀመጣል። ሁለተኛው ሲመጣ ቁልፉ ተይዟል። በተለመደው አሠራር አክሰስ ያን ጊዜ ሌላ ሳጥን ያወጣል። «ሁሉንም መጨመር አልቻልኩም፣ ይህን ያህሉ በቁልፍ ግጭት ምክንያት አልገባም፣ እንደዚሁ ልቀጥል?» ይላል። ረጅምና አሰልቺ ነው፣ ግን ከሁሉም ሳጥኖች ቁም ነገር ያለው እሱ ነው።

ሴትዋርኒንግስ ፎልስ ይሄኛውንም ያፍነዋል። አክሰስ «ልቀጥል» የሚለውን ራሱ ይመልስና የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይጥላል። ኤረር የለም፣ ድምፅ የለም። ቀጥሎ ሦስተኛው ኩዌሪ መጥቶ የዕለቱን ሠንጠረዥ ያጸዳል። የሰቃው 57 ቁጥር ዋናው መዝገብ ውስጥ የለም፣ የዕለቱ ውስጥም የለም። 12 ፈረሱላ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ቢሆን 204 ኪሎ ነው። ቡናው መጋዘን ውስጥ አለ፣ ወረቀት ላይ የለም። ኮንትሮል ዜድ አይመልሰውም።

ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስትም ከዚህ አይተናነስም። አሁን ባለው ኮድ መዝጋቢዋ የመጨመሪያው ላይ «ኖ» ብትል አክሰስ 2501 የሚባል ኤረር ያወጣል፣ ሥራው ተሰርዟል ለማለት። ኮድህ ግን ኤረሩን ውጦ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ማጽጃው ላይ «የስ» ካለች የዕለቱ ሥራ ሳይመዘገብ ተጠረገ። ማታ የደከመው ሰው ይወቀሳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

---

ፈጣኑ

ወንድሜ አታስፈራራ። እኔ እስከዛሬ ስጠቀምበት አንድም ነገር አልጠፋብኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

---

የኪቶ ልጅ

ዳታ ላይ ግን ይነቅዛል :) ስላልጠፋብህ ነው ወይስ የጠፋውን የሚነግርህ ስለሌለ?

ሌላም አለ። ሴትዋርኒንግስ ለአንድ ፕሮሲጀር ብቻ የሚሠራ አይደለም። በቪቢኤ ካጠፋኸው ራስህ እስክታበራው ወይም አክሰስ እስኪዘጋ ድረስ እንደጠፋ ይቆያል። ፎልስ ካልክ በኋላ መሃል ላይ ኤረር ተፈጥሮ ኮዱ ቢቋረጥ፣ ትሩ የሚለው መስመር ጋ የሚደርስ የለም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ረድፍ ስትሰርዝ አይጠይቅህም። የፎርም ዲዛይን ነካክተህ ስትዘጋ «ይቀመጥ?» አይልህም። ጸጥታው ከአንተ ቁልፍ አልፎ ፕሮግራሙን በሙሉ ይይዛል።

የግድ ከተጠቀምክበት ኤረር መያዣ አድርግለት፣ ትሩ የሚለውም በመውጫው በር ላይ ይሁን። ጥሩም ቢያልቅ መጥፎ፣ ኮዱ በዚያ ማለፍ አለበት።

---

አዌቱ ማዶ

ልጆች፣ ከቆየ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ኮድ ሳይነካ የሚያጠፉም አሉ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ክላየንት ሴቲንግስ ውስጥ «ኮንፈርም» የሚል ክፍል አለ። ሦስት ሳጥን ነው። አንዱ ለሪከርድ ለውጥ፣ አንዱ ለዶክመንት ስረዛ፣ አንዱ ለአክሽን ኩዌሪ። ምልክቱን ሲያነሱት መልእክቱ ይቀራል። በኮድም «አፕሊኬሽን ነጥብ ሴትኦፕሽን» ብሎ ያንኑ ማድረግ ይቻላል።

እኔ አልመክረውም። ያ ቅንብር የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ በፋይሉ ውስጥ አይደለም። ፋይልህን ወደ ሌላ ማሽን ብትወስደው መልእክቶቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ይባስ ብሎ በዚያው ኮምፒውተር የሚከፈት የሌላ ሰው አክሰስ ፋይል ሁሉ ዝም ይላል። ሂሳብ ክፍሉ በዚያ ማሽን የደመወዝ ፋይል ቢከፍት ስረዛው አይጠየቅም። ያጠፋኸው አንተ እንደሆንክ የሚያውቅ የለም።

በማክሮ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ ልዩነት አለው። በማክሮ ውስጥ ሴትዋርኒንግስን ኖ ብታደርጉት ማክሮው ሲያልቅ አክሰስ ራሱ መልሶ ያበራዋል። በቪቢኤ ግን ማንም አያበራላችሁም።

---

የኪቶ ልጅ

ጋሼ እውነትዎን ነው። የማሽኑን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጀንፈል፣ መፍትሔው ኦፕንኩዌሪንም መሰሉን ራንኤስኪውኤልንም መተው ነው። ሁለቱም ጥያቄ የሚያወጡት በአክሰስ መስኮት በኩል ስለሚሄዱ ነው። ኩዌሪውን በቀጥታ ለዳታቤዝ ኤንጂኑ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ዳታውን ለሚያስተዳድረው ክፍል፣ ስጠው፦

ሴት ዲቢ = ከረንትዲቢ
ዲቢ ነጥብ ኤክሴኪውት "የኩዌሪው ስም"፣ ዲቢፌይልኦንኤረር

ኤንጂኑ ሳጥን የለውም። አይጠይቅም። ስለዚህ የምታጠፋውም የምታበራውም ነገር የለም። የመጨረሻዋን ቃል ግን እንዳትረሳ። ዲቢፌይልኦንኤረር ካልተጻፈ ኤክሴኪውትም እንደ ሴትዋርኒንግስ የተጋጨውን ጥሎ ያልፋል። ከተጻፈ ግን አንዲት ረድፍ ብትጋጭ እንኳ ኩዌሪው በሙሉ ይመለሳል፣ 3022 የሚል ኤረርም ያወጣል። ድርብ ቁጥር አለ ማለት ነው። ያን ኤረር ይዘህ የፈለግከውን ታደርጋለህ።

የደረሰኙን ቁልፍ ደግሞ ዛሬውኑ አስተካክል። የጣቢያ ኮድና የደረሰኝ ቁጥር ሁለቱ አንድ ላይ ፕራይመሪ ኪ ይሁኑ።

---

መዝጋቢ ነኝ

ከሳጥኑ ወዲያ ያለሁት ሰው ነኝ :) የጀንፈል ቤት አይደለም የምሠራው፣ ሌላ ቦታ ነው፣ ጣጣው ግን አንድ ነው።

እናንተ ስለ ኮድ ታወራላችሁ። እኔ የማየው ነጭ ሳጥንና እንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ። እጄ ራሱ ኢንተር ይጫናል። ቁም ነገር ያለው መልእክት በዚያ መሃል ቢመጣም አላየውም፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነውና።

ዝም ይበል ካላችሁ ዝም ይበል። ግን ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ምንም አልመጣም። ተዘጋ? አልተዘጋ? ሁለተኛ ልጫነው? እኔ ሁለተኛ ነው የምጫነው።

---

ጀንፈል

እህቴ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው።

የኪቶ ልጅ፣ ያልከውን ሞከርኩት። የመጨመሪያው ኩዌሪ ላይ 3061 አለኝ። «ፓራሜትር ጎደለ፣ 1 ይጠበቃል» ይላል። ያው ኩዌሪ በኦፕንኩዌሪ ሲሄድ ምንም አይልም። ምን ጎደለው?

---

የኪቶ ልጅ

ኩዌሪው ውስጥ ፎርም የሚጠራ ነገር አለ። አይደል? «ቀን እኩል ይሆናል ፎርምስ ላይ ካለው ቀን» የሚል ዓይነት።

ኦፕንኩዌሪ በአክሰስ በኩል ስለሚሄድ አክሰስ ፎርሙን አይቶ ቀኑን ይሞላለታል። ኤንጂኑ ግን ፎርም የሚባል ነገር አያውቅም። ለእሱ ያ ስም ያልተሞላ ፓራሜትር ነው። አንተ ሙላለት፦

ሴት ኪውዲኤፍ = ዲቢ ነጥብ ኩዌሪዴፍስ("የመጨመሪያው ኩዌሪ")
ፎር ኢች ፒአርኤም ኢን ኪውዲኤፍ ነጥብ ፓራሜተርስ
ፒአርኤም ነጥብ ቫልዩ = ኢቫል(ፒአርኤም ነጥብ ኔም)
ኔክስት
ኪውዲኤፍ ነጥብ ኤክሴኪውት ዲቢፌይልኦንኤረር

ኢቫል የፓራሜትሩን ስም ወስዶ ፎርሙ ላይ ያለውን ዋጋ ያመጣል። ፎርሙ ክፍት መሆን አለበት፣ ቁልፉ እዚያው ላይ ስለሆነ ክፍት ነው። ቀኑን እንደ ጽሑፍ ኤስኪውኤሉ ውስጥ ለመለጠፍ እንዳትሞክር። አክሰስ በቁጥር ምልክት (#) መካከል የተጻፈ ቀንን የሚያነበው ወሩን አስቀድሞ ነው። 5 እና 11 ተገለባብጠው ሌላ ወር ውስጥ ትገኛለህ። በፓራሜትር ከሄደ ይሄ ጣጣ የለም።

ስንት ረድፍ እንደገባ ለማወቅ «ኪውዲኤፍ ነጥብ ሪከርድስአፌክትድ» በል። ኩዌሪዴፍ ለሌላቸው ደግሞ «ዲቢ ነጥብ ሪከርድስአፌክትድ»። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ከረንትዲቢ ነጥብ ሪከርድስአፌክትድ» ብሎ ይጽፍና ሁልጊዜ ዜሮ ያገኛል። ከረንትዲቢ በተጠራ ቁጥር አዲስ ዕቃ ነው የሚሰጥህ። አዲሱ ዕቃ ምንም ኩዌሪ አላስኬደም፣ ስለዚህ ዜሮ ይላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ «ሴት ዲቢ» ብለን የያዝነው።

---

አዌቱ ማዶ

አንድ ጥያቄ ጀንፈል። የመጨመሪያው ኩዌሪ በፎርሙ ቀን ያጣራል ማለት ነው። ማጽጃውስ? እሱም በቀን ያጣራል ወይስ ሁሉንም ነው የሚጠርገው?

---

ጀንፈል

ማጽጃው ሁሉንም ነው ጋሼ። የዕለት ሠንጠረዥ ስለሆነ።

---

አዌቱ ማዶ

ተመልከት እንግዲህ። መንገድ ተበላሽቶ፣ ዝናብ ዘንቦ የትናንት ደረሰኝ ዛሬ ቢደርስ መዝጋቢዋ የምታስገባው በትናንት ቀን ነው። ትክክልም ናት። ማታ የመጨመሪያው ኩዌሪ የዛሬን ብቻ ይወስዳል። ማጽጃው ግን የትናንቱንም ጨምሮ ይጠርጋል። እዚህ ጋ ምንም ኤረር የለም። ዲቢፌይልኦንኤረርም አይረዳህም፣ ሁለቱም ኩዌሪ በየራሱ ትክክል ነውና።

መድኃኒቱ ቁጥሩን ማስተያየት ነው። የገባው ረድፍና የተጠረገው ረድፍ እኩል ካልሆነ ሁሉም ይመለስ።

---

የኪቶ ልጅ

ጋሼ ይሄን እኔም አላየሁትም ነበር። ቁጥሮቹ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ሦስቱንም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ እናስገባቸው፣ ወይ ሁሉም ይጸናሉ ወይ ሁሉም ይመለሳሉ፦

ሴት ደብሊውኤስ = ዲቢኢንጂን ነጥብ ወርክስፔስስ(0)
ሴት ዲቢ = ከረንትዲቢ
ደብሊውኤስ ነጥብ ቢጊንትራንስ
ኦን ኤረር ጎቱ ችግር
(ከላይ እንዳየነው የመጨመሪያውን ፓራሜትር ሙላና አስኪደው)
ገባ = ኪውዲኤፍ ነጥብ ሪከርድስአፌክትድ
ዲቢ ነጥብ ኤክሴኪውት "የመጋዘኑ ኩዌሪ"፣ ዲቢፌይልኦንኤረር
ዲቢ ነጥብ ኤክሴኪውት "ማጽጃው"፣ ዲቢፌይልኦንኤረር
ወጣ = ዲቢ ነጥብ ሪከርድስአፌክትድ
ኢፍ ገባ ከወጣ ጋር እኩል ካልሆነ ዜን ጎቱ ችግር
ደብሊውኤስ ነጥብ ኮሚትትራንስ
ኤግዚት ሰብ
ችግር፦
ደብሊውኤስ ነጥብ ሮልባክ

ከሮልባክ (ሁሉንም ከመመለስ) በኋላ ምን እንደተፈጠረ ለመዝጋቢዋ ንገራት። ኤረር ከሆነ ቁጥሩን፣ ልዩነት ከሆነ «ገባ» እና «ወጣ» ስንት ስንት እንደሆኑ።

የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ኩዌሪ መካከል መብራት ቢጠፋ በድሮው አሠራር ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ይቀራል። ትራንዛክሽኑ ኮሚት ካልተባለ ግን ሲበራ የዕለቱ ሠንጠረዥ እንደነበረ ነው። ቁልፉን እንደገና መጫን ብቻ ነው። ዩፒኤስ ካለ ደግሞ ይሻላል። አክሰስ ፋይል እየተጻፈበት ድንገት ሲቋረጥ ፋይሉ ራሱ ሊጎዳ ይችላል፣ ትራንዛክሽን ለዚያ ዋስትና አይሆንም።

---

ፈጣኑ

እሺ ተሸነፍኩ አልልም፣ ለራሴ ትንንሽ ሥራ በሴትዋርኒንግስ እቀጥላለሁ። ኢምፖርት አድርጌ ወዲያው የምጥለው ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ላይ ይሄ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ምን ያደርጋል? ለቡና ሂሳብ ግን የኪቶ ልጅን ስሙት።

---

ሄርማታ

አንድ ሰው ስለ አማርኛው ያንሳ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

የአክሰስን ጥያቄ ካጠፋችሁ በኋላ የራሳችሁን ጥያቄ ትጽፋላችሁ። «ኤምኤስጂቦክስ» ብላችሁ በአማርኛ ስትጽፉ የቪቢኤ መጻፊያው ላይ የሚወጣው የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። ፎንት ብትቀይሩ፣ ፓወር ግዕዝ ብትጭኑ ለውጥ የለውም። የቪቢኤ መጻፊያ ዩኒኮድ አይችልም። የሚያውቀው የዊንዶውስን የድሮ ኮድ ገጽ ነው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ኮድ ገጽ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ አማርኛ አትጻፉ።

ሠንጠረዡና ፎርሙ ግን ዩኒኮድ ይችላሉ። የማደርገው እንዲህ ነው። ትንሽ ፎርም እሠራለሁ። ጽሑፉ በሌብል ነው፣ ፎንቱ ኒያላ ወይም ኢብሪማ። ሁለት ቁልፍ አለው፣ «አዎ ዝጋ» እና «ተመለስ»። የፎርሙን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት፣ ኮዱ የሚጠራው በስሙ ስለሆነ። ካፕሽኑን አማርኛ አድርጉት።

ፎርሙን በ«ኤሲዳያሎግ» ክፈቱት። ያኔ ኮዱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። «አዎ ዝጋ» ፎርሙን ይደብቀዋል፣ ማለትም ቪዚብልን ፎልስ ያደርጋል። «ተመለስ» ፎርሙን ይዘጋዋል። ኮዱ ሲቀጥል ፎርሙ አሁንም መከፈቱን ያያል። ካለ «አዎ» ተብሏል፣ ከሌለ «ተመለስ» ተብሏል። አይቶ ሲጨርስ የተደበቀውን ይዘጋል።

«ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ ዲፎልቱንም ካንስሉንም የስ አድርጉት። እጁ ሳያስበው ኢንተር የጫነ ሰው ምንም ሳይፈጠር ይመለሳል። ኢስኬፕም እንደዚያው።

---

መዝጋቢ ነኝ

ሄርማታ ተባረክ። በአማርኛ ከሆነ አነበዋለሁ።

ግን «እርግጠኛ ነዎት?» ብቻ አትበሉን። ሁልጊዜ እርግጠኛ ነኝ :) ቁጥር አሳዩኝ። «የዛሬ ደረሰኝ 41፣ ድምር ይህን ያህል ኪሎ» በሉኝ። እኔ ጋ የወረቀቱ ፓድ አለ። ድምሩን ከማስያው ጋር አስተያየዋለሁ። ከተዘጋም በኋላ «41 ደረሰኝ ተመዝግቧል» የሚል ይምጣልኝ። ያኔ ሁለተኛ አልጫንም።

---

ጀንፈል

ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። «ዲካውንት» (ቆጠራ) እና «ዲሰም» (ድምር) ፎርሙ ላይ ባለ ቴክስት ቦክስ አስገባቸዋለሁ። በጣቢያ በጣቢያ ከፋፍሎ ቢያሳይ ይሻል ይሆን? የአጋሮው ስንት፣ የሰቃው ስንት?

---

መዝጋቢ ነኝ

በጣቢያ ከሆነማ ግሩም ነው። ስህተት የሚወጣው ሁልጊዜ ከአንዱ ጣቢያ ነው። እሸቱንና ጀንፈሉንም ለየው፣ ድምራቸው አንድ ላይ ትርጉም የለውም።

---

ዲቴይል

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። እኔ ኩዌሪ የለኝም። ፎርም ላይ አንድ ረድፍ መርጬ ዴሊት ስጫን የሚመጣውን «1 ሪከርድ ልትሰርዝ ነው» የሚለውን ነው ማጥፋት የምፈልገው። እዚያ ላይ ኤክሴኪውት አይገባም። ምን ላድርግ?

---

የኪቶ ልጅ

ለፎርም ራሱን የቻለ ኢቨንት (አንድ ነገር ሲሆን የሚነሳ የኮድ ቦታ) አለ፣ «ቢፎርዴልኮንፈርም» ይባላል። እዚያ ውስጥ፦

ሪስፖንስ = ኤሲዳታኤርኮንቲኒው

ብለህ ጻፍ። የአክሰስ ሳጥን ይቀራል፣ ስረዛው ይቀጥላል። ከዚያ በፊት የሄርማታን ፎርም አሳይና «ተመለስ» ከተባለ «ካንስል = ትሩ» በል።

ጋሽ አዌቱ ያነሱት ኦፕሽን እዚህ ላይ ይመጣል። በዚያ ማሽን ላይ አንድ ሰው የሪከርድ ለውጥ ማረጋገጫውን በኦፕሽንስ ካጠፋው ቢፎርዴልኮንፈርም ጨርሶ አይነሳም። የአማርኛ ጥያቄህም አብሮ ይጠፋል፣ ረድፉ ያለ ጥያቄ ይሰረዛል። ስለዚህ ጥያቄህን የግድ ማስወጣት ከፈለግክ «ዴሊት» በሚባለው ኢቨንት ላይ አድርገው። እሱ ሁልጊዜ ይነሳል። ብዙ ረድፍ ከተመረጠ ግን ለእያንዳንዱ ይጠይቃል፣ ያንን እወቅ።

---

ዲቴይል

የምንሰርዘው አንድ በአንድ ነው። ዴሊት ላይ አደርገዋለሁ። አመሰግናለሁ።

---

ጀንፈል

የመጨረሻ ጥያቄ። ፋይሉ ሲከፈት ከላይ የሚመጣው ቢጫ መስመር፣ «ሴኪዩሪቲ ዋርኒንግ» የሚለው፣ እሱንም በኮድ ማጥፋት ይቻላል? አዲሱ ማሽን ላይ ቁልፉን ስጫን ምንም አይሠራም፣ «ኢኔብል ኮንቴንት» እስክለው ድረስ።

---

አዌቱ ማዶ

እሱ በኮድ አይጠፋም ልጄ፣ እንዳይጠፋም ተብሎ ነው የተሠራው። ቢጫው መስመር የሚመጣው ኮድህ ከመነሳቱ በፊት ነው። ያልተነሳ ኮድ ራሱን ፈቅዶ መነሳት አይችልም።

ማኅደሩን ለማሽኑ አስተዋውቀው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ትረስት ሴንተር፣ ትረስት ሴንተር ሴቲንግስ፣ ትረስትድ ሎኬሽንስ። እዚያ «አድ ኒው ሎኬሽን» ብለህ ፋይሉ ያለበትን ማኅደር ስጠው። በየማሽኑ አንድ አንድ ጊዜ ማድረግ አለብህ። ፋይሉ በኔትወርክ የተጋራ ማኅደር ውስጥ ከሆነ እዚያው ገጽ ላይ ኔትወርክ የሚፈቅድ ሌላ ሳጥን አለ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ አይመከርም ብሎ የጻፈበት። ከዚያ ይልቅ ፋይሉን ለሁለት ክፈለው። ሠንጠረዦቹ በጋራ ማኅደሩ ይቀመጡ፣ ፎርሙና ኮዱ ያለበት በየማሽኑ ሲ ድራይቭ ላይ ይሁን። ታማኝ የምታደርገው የሲውን ማኅደር ብቻ ነው። ዳውንሎድስን ወይም ዴስክቶፕን እንዳትሰጠው፣ ከቴሌግራም የወረደው ሁሉ እዚያ ነው የሚወድቀው።

---

ጀንፈል

ገባኝ ጋሼ። ነገ ጠዋት ጣቢያዎቹ ሳይልኩ የፋይሉን ቅጂ ይዤ ፕራይመሪ ኪውን እቀይራለሁ። ሁለት ተመሳሳይ የደረሰኝ ቁጥር ያላቸው ረድፎች ከአጋሮና ከሰቃ አስገብቼ እሞክረዋለሁ፤ በድሮው ቁልፍ 3022 ማለት አለበት፣ በአዲሱ ሁለቱም መግባት አለባቸው። የትናንት ቀን ያለው ሦስተኛ ደረሰኝም እጨምራለሁ፣ ሮልባኩ መሥራቱን ለማየት። ፎርሙን ስጨርስ ስክሪንሾት እለጥፋለሁ።